ስም አወጣጥ በቂርያት ጋት

ማሽኑ ድንገት ዝም ያለ ዕለት፣ በቂርያት ጋት ፋብሪካ፣
የሌሊት ፈረቃው ቆመ፤ አለቃው ስልክ ሲነካካ።
በሦስተኛው ቀን ከጃፓን፣ አንድ መሐንዲስ ደረሰ፣
ለጠራጊውም ለአለቃውም፣ እኩል ዝቅ ብሎ አጎነበሰ።

«ስምህ ማነው?» አለው ኒሲም።
«ኬን።»
«አዎ፣ ስምህ?»
«ኬን።»
«'አዎ' ማለትህስ ገባኝ፤ ስምህን ነው የጠየቅኩህ!»
ሳቁ መጋዘኑን ሞላው። ዕብራይስጥ ካልሰማህ ልንገርህ፦
ኬን ማለት እዚህ «አዎ» ነው፤ ሰውየው ከየት ይወቀው?
ስሙን በተናገረ ቁጥር፣ እሺ ያለ መስሎን አደከምነው።

ሊነጋ ሲል ሻይ ይዘን፣ ካርቶን ላይ ጻፈልኝ ስሙን፣
መስመር ላይ መስመር አጋድሞ፣ እንደ ጎጆ ማገር ጎን ለጎን።
«ይሄ ጤነኛ ማለት ነው። ፊደሉ ከተለወጠ
ብልህም ሰይፍም ይሆናል» ብሎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።
እኔ በሆዴ፦ ይሄማ የኛው ሰምና ወርቅ አይደል?
ሰሙ አንድ፣ ወርቁ ሦስት፤ ጎንደር ቢሰማው የሚቀናበት ቃል።

በዚያው ወር ሚስቴ ያልጋነሽ፣ ወለደች በሰባት ወሯ፤
በመስታወት ሣጥን ተኛ፣ ድንቢጥ የሚያክል ፍሬዋ።
ሐኪሙን በየማለዳው፣ «ይተርፋል?» ብለን ስንለምን
ትከሻውን ሰብቆ ያልፋል። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን
ነርሷ ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ፣ ሳንጠይቃት ቀድማ፦
«ኬን።»

እኔ ስሜ ፈንታሁን ነው። ከሞተ ወንድሜ በኋላ
«የሱ ፈንታ ሁን» ተብዬ። እዚህ ስደርስ ግን ሌላ
በፈንታዬ ተተካብኝ፤ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ፣ ጎንበስ እንዳለች ገና፣
ዓይኔን እንኳ ሳታየው፣ «ፒንሐስ» አለችኝ ጻፈችና።
ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ የኔዋ መልአክ ማኅተም ጨብጣ
ምሳ ሰዓት ደርሶባት ነበር፤ ሰዓቷን ታያለች ተቀምጣ።

ለልጄ ተራዬ ሲደርስ፣ መስኮት አራት ፊት ቆሜ
«ኬን» አልኳት። «አዎ፣ ምን ልርዳህ?» «ስሙ ነው» አልኳት ደግሜ።
«የየት አገር ስም ነው ደግሞ?» ብላ ቅንድቧን ሰቀለች፤
«የሌሊት ፈረቃ» አልኳት።
ትንሽ ቆየች፣ ጻፈች።

አባቴ መርሻ ጆሮው ደክሟል፤ በግርዘቱ ዕለት ጠጋ አለና
«ማን አላችሁት?» «ኬን፣ አባ።» «ቀን?» አለ፣ ፊቱ በራና፤
«ቀን! ደግ አደረጋችሁ። እኔስ ቀን እንደጎደለብኝ ኖርኩ፤
ለሱ እንኳ ቀን ይውጣለት።»
አላረምኩትም። ዝም አልኩ።

ዓመታት አልፈው ዛሬ ስሙ ፋሽን ሆኗል። እህቴ በምታስተምርበት
መዋዕለ ሕፃናት ብቻ፣ ሦስት ኬኖች አሉበት።
ስም ስትጠራ፣ «ኬን?» ስትል፣ «ኬን!» «ኬን!» «ኬን!» በሦስት አፍ፣
እንደ ምክር ቤት ድምፅ ብልጫ፣ ሁሉ ነገር ጸድቆ ሲያልፍ።
«አጭር ነው፣ ባሕር ይሻገራል» ይላሉ ወላጆች ሲጠየቁ፤
ጤናውን፣ ሰይፉን፣ ብልሁን፣ የኔን ካርቶን ከየት ይወቁ።

ለመሐንዲሱ ጻፍኩለት፤ ከወራት በኋላ መለሰ፦
«እኛ ጋ የአጎቶች ስም ነው፤ ለሕፃን የሚያወጣው አነሰ።
እናንተ ዘንድ ልጅ መሆኔ፣ ደስ ብሎኛል» ይልና
ከታች ያችን ጎጆ ስሏል፤ ማገሯ አልላላም ገና።

ልጄ አሥራ ሰባት ሞላው። ትናንት ከፌርማታ ሲመጣ
ፖሊስ አቁሞ፣ «ስምህ?» ሲለው፣ «ኬን» አለ። «ስምህን!» በቁጣ።
«ኬን።»
ያ የፋብሪካው ቀልድ ነው፤ ሲነግረኝ ግን ማን ሊስቅ?
መታወቂያው ወጣ፣ ታየ፤ ባትሪው ፊቱ ላይ ሳይርቅ።

ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ከውጭ ቆሜ፣
«ደህና ነህ?» አልኩት።
«ኬን» አለ።
የቱን እንዳለኝ አላወቅኩም።